ሻንጣ ያልነው ነገር

ሰኞ

በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የሚከተለውን አስታውቃለሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት ካርቱምን ከዳር እስከ ዳር ያካለለችው የአክስቴ የዝናሽ ጥቁር ሻንጣ ዛሬ ጠዋት ከካላክላ ወደ ከተማ በሚሄደው የሐፍላ አውቶቡስ ውስጥ፣ በአንድ ወፍራም ሰውዬና በአንድ ጆንያ ሽንኩርት መሐል ተጨፍልቃ፣ ማንገቻዋ ተበጥሶና ሆዷ ተተርትሮ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። የሐፍላው ረዳት "ያላ፣ ያላ፣ ውረዱ!" ከማለት በቀር ሐዘናችንን አልተካፈለም። ሥርዓተ ቀብሯ በራችን ላይ ባለው የቆሻሻ በርሜል ተፈጽሟል።

ይህን ጮክ ብዬ ሳነብላት አክስቴ ጫማ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። ሁልጊዜ ነው የምትስተኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ወርውራ አንድ ቀን እንኳ አለማግኘቷ፣ ሆን ብላ ነው እላለሁ።

አከራያችን ሐጃ ሱዓድ የአዋጁን ድምፅ ሰምተው በግድግዳው ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"ማን ሞተ?"

"ሻንጣ" አልኳቸው።

"አላህ ይርሐማ" አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። እኚህን ሴትዮ የምወዳቸው ለዚህ ነው።

ይሄን ደብተር የገዛችልኝም አክስቴ ናት። "አማርኛሽ ሊጠፋ ነው፣ በየቀኑ ጻፊ" ብላ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ወይም እሱ ነው የተወኝ፣ ጉዳዩ አልተጣራም። አሁን ሳሃፋ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ቤት አባያ አሳጥራለሁ። ስሜ ትዕግስት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳታውቀኝ ነው ያወጣችልኝ።

ወደ ቁም ነገሩ። አክስቴ ቅዳሜ ወደ ጎንደር ትሄዳለች። ልጇን ብርቱካንን ልታይ። ትታት ስትመጣ ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። የመውጫ ወረቀቱ ማኅተም ተመቶበታል፣ የአውቶቡስ ቲኬቱ ትራስ ሥር ነው፣ የራሷን ልብስ በካርቶን አስራ ጨርሳለች። ብርቱካን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ይሄን ላኪልኝ ብላ አታውቅም። "ምን ላምጣልሽ?" ስትላት "አንቺ ነይ" ነው መልሷ። ባለፈው ሳምንት ግን በስልክ ድምፅ ላከች። ኔትወርኩ መሐል ላይ ቆረጠው፤ የሰማነው ይቺን ነው።

"እማዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ጠንካራ ሻንጣ ብቻ ይዘሽልኝ ነይ። ጥቁር ቢሆን ጥሩ ነው፣ እንዳያድፍ..." ከዚያ ብጥስ።

አክስቴ ሃያ ጊዜ አሰሚኝ አለችኝ። ስልኩን የምነካካው እኔ ነኝ፤ እሷ ስልክ የምትይዘው ፍም እንደሚይዝ ሰው ነው።

"አየሽ? በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አንድ! እሱን ካበላሸሁ ምን እናት ነኝ?" አለች።

አልቀለድኩም። ይመዝገብልኝ።

እኛ ቤት በትከሻ የሚንጠለጠለውም፣ በእጅ የሚያዘውም ሻንጣ ነው፤ ሱቅ አረቢ ገበያ ገብተሽ ሻንጣ ስትዪ የሚያወርዱልሽ እሱኑ ነው። አክስቴ ገና ከአሁኑ አስባዋለች። ጥቁር፣ ቆዳ፣ ሁለት ደብተር የምትይዝ፣ ብርቱካን ግቢ ስትገባ በትከሻዋ ጣል የምታደርጋት። "ቀጥ ያለች፣ ጨዋ" አለች። ልጅቷን ይሁን ሻንጣዋን ግን አልገባኝም።


ማክሰኞ

ሱቅ አረቢ። ለልብስ። አሠሪዬን "አክስቴ ልትሄድብኝ ነው" ብዬ ፊቴን አጨማድጄ ግማሽ ቀን አስፈቀድኩ። ማልቀስም ሞክሬ ነበር፣ አልመጣልኝም።

አክስቴ ልብስ ስትገዛ ማየት ሲኒማ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖራለች፤ ካርቱም ውስጥ በእጇ ያላለፈ ጨርቅ የለም። ለብሳው ግን አታውቅም። ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ አታይም። ዓይኗን ወደ ሌላ ቦታ ልካ በጣቷ ትዳስሳለች። ቀጥላ ልብሱን ትገለብጥና ውስጡን ታያለች፤ ስፌቱን፣ ገበሩን፣ የቁልፉን ሥር። "ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል" ትላለች። በመጨረሻ ከጫፉ አንዲት ክር መዝዛ ክብሪት ትጭራለች። ክሯ አመድ ከሆነች ጥጥ ነው። ጠብ ብላ ከተንጠባጠበች ፕላስቲክ ነው።

ዛሬ አንዱ ነጋዴ ክብሪቱን ሲያይ ከወንበሩ ዘለለ።

"ያ ሐጃ! ሱቄን ልታቃጥዪ ነው?"

"ሱቅህን አይደለም፣ 'ጥጥ ነው' ያልከውን ነው" አለችው።

ጎረቤቱ ነጋዴ ሳቀ። ከዚያ ሄደን የእሱን ስትዳስስ ሳቁን አቆመ።

ሌላ ሱቅ በር ላይ ገና ከአገር ቤት የመጡ ሁለት ሐበሻ ልጆች "ቀሚስ! ቀሚስ!" እያሉ ይጮኻሉ። ሻጩ ደግሞ የወንድ ሸሚዝ ያወርድላቸዋል። እነሱ "ቀሚስ!" ሲሉ እሱ ሌላ ሸሚዝ። ባንኮኒው በሸሚዝ ተሞላ። እዚህ እኮ ገሚስ ማለት ሸሚዝ ነው። እኔ ሆዬ ጠጋ ብዬ፣ "ውሰዱት እንጂ፣ የዘንድሮ ፋሽን ነው፣ ካርቱም ውስጥ ሴቱ ሁሉ የሚለብሰው ይሄንን ነው" አልኳቸው። አንዷ እጅጌው ውስጥ እጇን ማስገባት ጀምራ ነበር። አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ አሁንም ቀይ ነው።

"ፉስታን በሉ ልጆቼ፣ ፉስታን። ቀሚስ እዚህ ሌላ ነው። እኔም ስመጣ ሁለት የወንድ ሸሚዝ ገዝቼ ገብቻለሁ" አለቻቸውና ይዛቸው ወደ ፉስታኑ ሱቅ ሄደች። የራሷን ገበያ ትታ አንድ ሰዓት ሙሉ ለእነሱ ክር አቃጠለችላቸው።

እኔና አክስቴ ግን አዋቂዎች ነን። እንዲህ ያለ ስህተት ከኛ ቤት አይወጣም።

ለራሷ የገዛችው የወይራ ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ ቀሚስ ነው (ፉስታን፣ ፉስታን!)። መስታወቱ ፊት ስትቆም ከጎናችን ቶብ የለበሰች ረጅም ሱዳናዊት ነበረች፤ ያንን ሁሉ ክንድ ጨርቅ ያለ አንድ መርፌ ጠምጥማው አንዲት ጫፍ አትወርድባትም፤ እሷን ሳይ አፌ ተከፍቶ ቀርቷል። ሴትዮዋ አክስቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ማሻአላህ" አለች። አክስቴ ደነገጠች። ሰው "ማሻአላህ" ሲላት የለመደችው የተኮሰችውን አይቶ ነው።

ስንወጣ "ብርቱ ታውቀኝ ይሆን?" አለችኝ።

"አረንጓዴዋን ሴትዮ ፈልጊ እላታለሁ" አልኩ። ሳቀች። ግን እኔም አስቤበት ነበር።


ረቡዕ

ሰባት ሱቅ። እግሬ የኔ አይደለም።

ሻንጣው ሁሉ ሲኒ ነው። ሲኒ ማለት ስኒ አይደለም፣ ከቻይና የመጣ ማለት ነው። ነጋዴው "ጣልያን ነው፣ ወላሂ ጣልያን!" ይላል፤ አክስቴ ገበሩን ገልብጣ ከውስጥ የተለጠፈችውን የቻይና ጽሑፍ ታሳየዋለች፤ እሱም "እሱ ወረቀቱ ነው የቻይና" ይላል። እንዲህ ያለ ውሸት ስሰማ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳለት ነበር።

የአክስቴ የሻንጣ ፈተና እንደሚከተለው ነው። ዚፑን ሠላሳ ጊዜ መክፈትና መዝጋት፣ እየቆጠሩ። ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ከትቶ ማወዛወዝ። ማንገቻውን በጥፍር መጫር። ማሽተት። ለብርሃን ማሳየት። አምስተኛው ሱቅ ውስጥ ዚፑ በአሥራ ዘጠኝ ላይ በእጇ ቀረ። ነጋዴው "ሰበርሽው!" ብሎ ጮኸ። "እኔ አልሰበርኩትም፣ ታሞ ነው ያገኘሁት" አለችው፤ ሻንጣውን እንደ ሕፃን በእርጋታ አስተኝታለት ወጣች።

ሰባተኛው የዓም ዑስማን (አጎት ዑስማን እንደማለት) ሱቅ ነው። ሱቃቸው እዚህ ይሁን እንጂ ቤታቸው እኛ ሰፈር ካላክላ፣ ከሐጃ ሱዓድ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን በጎማ ላስቲክ ነው ያሰሩት። ሻንጣዋን አንድ ቃል ሳይናገሩ አወረዱ። ጥቁር። ቀጥ ያለች። ዚፗ ሠላሳ ጊዜ ሄዳ መጣች፣ ድምፅ የላትም። አክስቴ አሸተተቻት። ዓይኗን ጨፈነች።

"በፀሐይ ልያት" አለችና ወደ በር ይዛት ወጣች።

እንግዲህ እኔና ዓም ዑስማን ብቻችንን ቀረን። የጠሩት ዋጋ ለአክስቴ ከባድ ነበር። እኔ ደግሞ ምላስ አለኝ። እዚህ አገር ሙሽራው ለሙሽሪት ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶ ሞልቶ የሚልከው አለ፤ እሱም ስሙ ሻንጣ ነው። ጠጋ አልኩና፣

"ያ ዓም፣ ይሄ እኮ የሙሽራ ሻንጣ ነው" አልኳቸው።

"ሙሽራዋ የታለች?"

በበሩ በኩል አክስቴን አሳየኋቸው። ሻንጣዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ፀሐይ ላይ ዞር ዞር ትላለች። እውነት ለመናገር ሙሽራ ትመስል ነበር።

"ማብሩክ! እና ሻንጣዋን ራሷ ነው የምትገዛው? ባልየው የት አለ?"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ድሃ ነው አልኩ። ሽማግሌ ነው አልኩ። አገር ቤት ነው፣ ቅዳሜ ወደሱ ትሄዳለች አልኩ። ቀጥሎም፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "ዓይኑም አንድ ነው" አልኩ።

ዓም ዑስማን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ዋጋውን ሲቀንሱት፣ ተመልሳ የገባችው አክስቴ ራሷ ደነገጠች፤ ገና ልትከራከር የተዘጋጀችበት ነገር ሁሉ በአፏ ቀረ። ስንወጣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አላህ ይታምም" አሏት፤ አላህ በደህና ይፈጽምልሽ ማለት ነው። አክስቴ "ስለ ጉዞዬ ነው፣ እንዴት ያለ ደግ ሰው!" አለች።

ረክሻ፣ ማለትም ባጃጅ፣ ውስጥ ሳቄን ለመያዝ መሐረብ ነክሼ ነው ካላክላ የደረስኩት። ትልቅ ድል።


ሐሙስ

ሻንጣዋ ከአልጋው በላይ በምስማር ተንጠልጥላለች። አክስቴ ወለል ስትጠርግ ቀና ብላ ታያታለች። ውስጧ ወረቀት ጠቅጥቃባታለች፣ ቅርጿ እንዳይበላሽ። ጠዋት እኔን አቁማ በትከሻዬ አንጠለጠለችብኝና "እስቲ ሂጂ... እስቲ ነይ" አለችኝ፤ ብርቱካንን ሆኜ መሄዴ ነው። እያነከስኩ ሄድኩላት። ጫማ መጣ። ሳተኝ።

ከሰዓት በኋላ እሷ ለመሰናበት ሶባ ያለችው ጓደኛዋ ጋ ሄደች። ስልኩ እኔ ጋ ነው። ከብርቱካን ድምፅ መጣ። እንዲህ ይላል።

"እማዬ፣ ከነገ ወዲያ ነው አይደል የምትነሺው? እንቅልፍ አጥቻለሁ። የዚያን ቀን መልእክቴ የተቆረጠ መሰለኝ። ሻንጣው ጎማ ቢኖረው ነው የምልሽ፣ ከግቢው በር እስከ ዶርም ሩቅ ነው አሉ። ብርድ ልብሴና ልብሶቼ ከገቡልኝ ይበቃኛል። አያቴ 'በጆንያ እሠርልሻለሁ' ትላለች። ሰው ሁሉ እያየኝ በጆንያ ተሸክሜ መግባት አፈርኩ እማዬ። ለእሷ አልነገርኳትም፣ ላንቺ ነው። በደህና ነይልኝ።"

መጀመሪያ ሳቅኩ። ጎማ ያላት የትከሻ ሻንጣ ታየችኝ፤ ብርቱካን ስትጎትታት።

ከዚያ ምስማሩን ቀና ብዬ አየሁ። ብርድ ልብስ። ወይ ጉድ!

ሻንጣ። እዚያ ሻንጣ ማለት ትልቁ ነው፤ ልብስ የሚታጨቅበት፣ የመንገደኛ። ይሄኛው ስሙ ሌላ ነው። ቁጭ ብዬ ፈለግኩት። ቦ... ቦርሳ! ቦርሳ ነው ስሙ! እኔስ እሺ፣ እዚህ ያደግኩ ሱዳኒት ነኝ። አክስቴ ግን ይሄን ቃል ይዛው ነው የመጣችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንዱ ሐፍላ ላይ፣ ረስታው ወርዳለች።

እነዚያን የቀሚስ ልጆች አስታወስኩ። እንዴት ስቄባቸው ነበር።

ያሉኝ መንገዶች፦

ልንገራት። ከዚያስ? ያላት ሁሉ ምስማሩ ላይ ነው። ጎንደር ድረስ አልቅሳ ትሄዳለች።

አልንገራት። ልጅቷ ፊት ቦርሳዋን ታወጣለች። ልጅቷ "እሰይ" ትላለች፣ ጨዋ ናት። ከዚያ ጆንያውን ትሸከማለች። አክስቴ ደግሞ ዓይን አላት፤ ፊትን ገልብጣ ገበሩን ነው የምታየው።

ሻንጣዋን መልሼ በትልቁ ልለውጥ። ነገ አርብ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው። ዛሬ ደግሞ አክስቴ ከሶባ ስትመጣ ባዶ ምስማር ታያለች።

አክስቴ ስትመለስ "ብርቱ አልደወለችም?" አለችኝ።

"ኔትወርክ የለም" አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሳልስቅ የዋሸሁት የመጀመሪያው ይሄ ነው።


አርብ

ጠዋት በግድግዳው ተንጠላጥዬ ሐጃ ሱዓድን ጠራኋቸው።

"ሐጃ፣ ትልቅ ሻንጣ አለዎት? ጎማ ያለው። ልዋስ።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ምኑን?"

"ሂጂ ከዚህ፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ። ዛሬ ይሄ ግድግዳ ላይ እንዳላይሽ።"

ግቢያቸው ውስጥ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። እኔን ሲያዩ የሆነ ነገር በቶባቸው ሸፈኑ። አልገባኝም። የተጣሉኝ መሰለኝ። ማን ያውቃል፣ ከሠራኋቸው ነገሮች አንዱን ደርሰውበት ይሆናል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን መገመት ከባድ ነው።

ከጁምዓ ጸሎት በኋላ ቆረጥኩ። ልነግራት። አክስቴ ካርቶኑን በገመድ እያጠበቀች ነው። "አክስቴ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። "ምን ሰበርሽ?" አለች። "እኔ አልሰበርኩትም፣ ታሞ ነው ያገኘሁት" ልላት አፌን ስከፍት...

መጀመሪያ የሰማሁት የጎማ ድምፅ ነው። በበራችን ጡብ ላይ፣ ግርርርር። ከዚያ እልልታ። ከዚያ ከበሮ።

በሩ ተከፈተ። ሐጃ ሱዓድ ከፊት፣ የዓም ዑስማን ሚስት ከኋላ፣ ሌሎች አምስት የሰፈር ሴቶች ተከትለው፤ ቢጫ ቶብ፣ ሰማያዊ ቶብ፣ ብርቱካንማ ቶብ፣ ጠባቧ ክፍላችን አበባ ሆነች። ሐጃ ሱዓድ የሚጎትቱት ግዙፍ ሻንጣ ነው። ቀይ። እንደ ቲማቲም ቀይ። አራት ጎማ።

"ዝናሽ! ከኛ ትደብቂያለሽ?" ብለው አቀፏት። "አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረን፣ ስታገቢ ከነጋዴ እንስማ?"

"ማን ነው የሚያገባው?" አለች አክስቴ።

"አይዞሽ፣ ሁሉን ሰምተናል። ድሃ ቢሆን አላህ ይሰጠዋል፤ ሻንጣሽን እኛ ሞልተንልሻል። ቢያረጅም ሰው ነው። ዓይኑም..." ሐጃ ሱዓድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ "...አንድ ዓይን አንቺን ለማየት ይበቃዋል።"



አክስቴ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። እኔ ከበሩ ያለኝን ርቀት እየለካሁ ነበር። ጎንበስ አለች። ጫማዋን አወለቀች።

ዛሬ አልሳተችም።

ግንባሬን ይዤ ሁሉን ተናዘዝኩ፣ ግማሹን በዐረብኛ ግማሹን በአማርኛ። ሙሽራ እንደሌለ። ባል እንደሌለ። ዓይኑም እንደሌለ። የዓም ዑስማን ሚስት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከበሮዋን የያዘችው ሴትዮ መምታት ይሁን መተው ግራ ገባት፣ አንዴ ዱም አደረገችና ተወችው። ማንም አልሳቀም። ቀልድ አድርጌ ሰው ሳይስቅ ሲቀር እንደዚህ ያፍራል ለካ።

ካለቀ ይለቅ ብዬ ስልኩን አወጣሁ። "አክስቴ፣ ትላንት ኔትወርክ ነበር" አልኩና የብርቱካንን ድምፅ ከፈትኩት።

"በጆንያ ተሸክሜ መግባት አፈርኩ እማዬ" የሚለው ላይ ሲደርስ አክስቴ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ምስማሩን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ቦርሳ" አለች በቀስታ። "ቦርሳ... አንቺን አማርኛሽ ሊጠፋ ነው ስልሽ።"

ሐጃ ሱዓድ "ልጅቷ ምን አለች?" አሉኝ። ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ከቀጣፊነት ሥራዬ አንድ ቀን ዕረፍት ወሰድኩ።

እኚህ ሴትዮ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀዩን ሻንጣ ከፈቱት። ሽቶውን አወጡ። "ይሄ ለባል ነው" አሉ፣ ለዓም ዑስማን ሚስት ሰጧቸው። የሚታጠነውን አወጡ። "ይሄም ለባል ነው።" ከዚያ ስስ ቀይ የሌሊት ልብስ ብቅ አለ። ስሙ ገሚስ ኖም ነው፤ ይሄ ገሚስ የሚባል ነገር ሳምንቱን ሙሉ አለቀቀንም። "ይሄማ ጭራሽ ለባል ነው!" ብለው ቶባቸው ውስጥ ሲደብቁት አንዷ ሴትዮ "ሐጃ፣ ለማን ሊሆን ነው?" አለች፤ ያኔ ቤቱ ፈነዳ። አክስቴም ጭምር፤ እያለቀሰች ነው የሳቀችው።

ፎጣውን፣ ሁለቱን አንሶላ፣ ጫማውንና አንዲት ሰማያዊ ቶብ ግን እንዳሉ ተዉአቸው። ሻንጣውን ዘጉ።

"አይሆንም ሐጃ፣ በውሸት የመጣ ነው" አለች አክስቴ።

"ሻንጣ ለሂያጅ ነው" አሉ ሐጃ ሱዓድ። "ሙሽራ ብትጎትተው፣ ተማሪ ብትጎትተው ጎማውን ምን አገባው? ኸላስ፣ በቃ።" ጥቁሯን ቦርሳ ከምስማሩ አውርደው በአክስቴ ትከሻ ላይ አንጠለጠሏት። "ይቺ ደግሞ ያንቺ ናት። ዑስማን እንደነገረኝ ፀሐይ ላይ ስትይዣት ሙሽራ መስለሽው ነበር። ይቺ ሌባ የዋሸችው ግማሹን ብቻ ነው።"

ሌባዋ እኔ ነኝ። ግንባሬ ያበጠ ሌባ።


ቅዳሜ

በጠዋት ሚና በሪ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ። ካርቶኑን ትተን ሁሉንም ቀዩ ሻንጣ ውስጥ ከተትነው፤ ብርድ ልብስም ይገባል፣ የኛን ከትቼ ሞክሬዋለሁ። እኔ ነበርኩ ጎታች። ያለ ምክንያት መናኸሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፣ ግርርርር እያልኩ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። ለምን ቀይ እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ በጥቁር ማን ያይሽ ነበር?

አክስቴ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ ቦርሳዋን በትከሻዋ አድርጋለች። አሥራ አንድ ዓመት ስትሄድ አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ጎንበስ ብላ፣ የሆነ ነገር እንደተሸከመች። ዛሬ ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። አንድ ወታደር ወረቀቷን ሲያይ "ተፈደሊ ያ ኡስታዛ" አላት፤ ይግቡ መምህርት እንደማለት ነው። ኡስታዛ! ዞር ብላ አየችኝ፣ ሰማሽ ወይ በሚል ዓይን። ሰምቻለሁ። ጻፍኩት።

"ደብተሩን እንዳትተዪ" አለችኝ።

"ቦርሳ፣ ሻንጣ፣ ቀሚስ፣ ሸሚዝ" አልኩ። "የቃል ጥናቴን ጨርሻለሁ።"

"ሁለት ወር ነው። እመለሳለሁ።"

"ባልሽ ከፈቀደ" አልኩ።

እጇ ወደ ጫማዋ ሄዶ ነበር፤ ግን አዲሱን ጫማ ነው የተጫማችው፣ አልጨከነችም። ግንባሬን፣ ያበጠው ላይ፣ ሳመችኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጄን አላወዛወዝኩም፣ ምክንያቱም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር። ካርቱም አቧራ አይጠፋትም።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። አሮጌውን የመወርወሪያ ጫማ፣ ግራውን ብቻ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣው ሥር ከትቼላታለሁ።


እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስልኩን አፍጥጬ አየሁት። አሮጌዋን ሻንጣ (ቦርሳ!) በርሜሉ ውስጥ ፈለግኳት፣ ወስደዋታል። ሐጃ ሱዓድ በግድግዳው ላይ ሦስት ጊዜ "ደረሰች?" አሉኝ። ሦስቱንም ጊዜ "ኢንሻላህ" አልኩ፣ ያለ ቀልድ። ግንባሬን በበረዶ አሹልኝ።

አመሻሽ ላይ ፎቶ መጣ። ቀዩ ሻንጣ ተከፍቷል። አጠገቡ አንዲት ረጅም ልጅ፣ የአክስቴን ዓይን የያዘች፣ እጀታውን ጨብጣ ቆማለች፤ በሌላ እጇ የግራ ጫማውን ከፍ አድርጋለች፣ አፏ እስከ ጆሮዋ በሳቅ ተከፍቷል። ከኋላ አረንጓዴ ቀሚስ ይታያል፤ ፊቱ አልገባም። ከሥሩ ድምፅ አለ።

"ትዕግስት፣ እማዬ 'ግራውን ብቻ ነው የላከችው፣ ቀኙ የት አለ?' ትልሻለች። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ቦርሳ ለምንድን ነው 'ሻንጣዬን አቀብዪኝ' የምትለው?"

አልመለስኩላትም። እናቷ ታስረዳት። ያኔ በመናኸሪያው ሲተያዩ ማን ማንን ቀድሞ እንዳወቀም አልጠየቅኩም፤ ስትመለስ ፊቷ ላይ አያለሁ።

ቀኙ ጫማ እዚህ ነው፣ ባዶው ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። በአንድ እግር ጫማ ማን ይኖራል? መመለሷ አይቀርም፤ መቼስ።

ለማንኛውም ሰኞ በታላቅ ሐዘን ያወጅኩት አዋጅ መስተካከል አለበት። የሞተ የለም። የተዳረም የለም። አንድ ማንገቻ ተበጠሰ፣ በቃ፣ ይሄው ነው።